በሩን የዘጋ ዕዳ አለበት

  

በድመት ምክንያት ለእሳት ስለተዳረገችው ሴት ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ብዙዎቻችን ሐዲሱን የምንይዘው በአጭሩ ነው፦ ሴትዮዋ ድመት ዘጋች፣ ድመቷ ሞተች፣ ሴትዮዋ ተቀጣች። «በእንስሳ ላይ መጨከን ወንጀል ነው» ብለን እናልፋለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ጥፋቷ የቱ ላይ እንደነበር ለይተው ነግረውናል። ድመቷን ዘግታ ሳለ ምግብና ውሃ ከለከለቻት፤ ወጥታ የምድር ነፍሳትን እየለቃቀመች ራሷን እንዳታኖርም በሩን አልከፈተችላትም።

እንግዲህ ሴትዮዋ ከወንጀሉ የምትወጣባቸው ሁለት መንገዶች ነበሯት። አንዱ መቀለብ፣ ሌላው መልቀቅ። ከሁለቱ አንዱን ብትይዝ ኖሮ ይበቃት ነበር። ዛሬ አብረን ልናስብበት የፈለግነው እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልቀቅ የማይቻልበት ጊዜ ሲመጣስ? ለድመቷ ጥቅም ሲባል በሩ መዘጋት ያለበት ጊዜስ?

ነገሩ ከሩቅ እንዳይሆንብን መራዊ ውስጥ ያለ አንድ ቤት እናስብ። አካባቢው የበቆሎ አገር ነው፤ የቆጋ መስኖም አለ። እህል ጎተራ ሲገባ አይጥ ተከትሎ ይገባል፣ አይጥ ባለበት ደግሞ ውሮ ትኖራለች። ለጌጥ አይደለም የምትያዘው፤ የቤቱ ሠራተኛ ናት። ችግሩ የሚመጣው ስትወልድ ነው። ድመት ገና በ5 እና በ6 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ከ9 ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ትወልዳለች፣ በአንዴም ብዙ። የመጀመሪያዎቹን ግልገሎች ጎረቤት ይወስዳቸዋል። ቀጥለው የሚመጡትን የሚወስድ ሰው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ዓይናቸው ያልተከፈተ ግልገሎች በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ወንዝ ዳር ወይም ገበያ ጫፍ ይጣላሉ።

እዚህ ላይ የቤቱ ወጣት ሌላ ሐሳብ ያመጣል፤ «ባሕር ዳር ወስደን ሐኪም እንዳትወልድ በቀዶ ጥገና ያድርጋት» ይላል። ከመራዊ ባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ወዲያው ጥያቄ ይነሳል። ይህ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም፤ ዑለማዎች ተለያይተውበታል። የአላህን ፍጥረት መለወጥ በሱረቱ ኒሳእ የሸይጧን ማሳሳቻ ሆኖ ስለተጠቀሰ ማኮላሸትን በዚያ ውስጥ የቆጠሩ አሉ። በሻፊዒ መዝሀብ ኢማሙ ነወዊ እንዳሰፈሩት፣ ሥጋው የማይበላ እንስሳን ማኮላሸት አይፈቀድም፤ የሚበላውም ቢሆን የሚፈቀደው ገና ትንሽ ሳለ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ እንስሳትን ማኮላሸት ችግር የለበትም ተብሏል፤ ድመትን በተመለከተም ጥቅም ካለው ወይም ጉዳትን የሚከላከል ከሆነ ችግር እንደሌለው በፈታዋ ሂንዲያ ላይ ሰፍሯል። በዘመናችን ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን ድመቶች በዝተው ካስቸገሩና ቀዶ ጥገናው የማይጎዳቸው ከሆነ ችግር የለበትም ብለዋል፤ ከተወለዱ በኋላ ከመግደል ይሻላልና። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ይቀራሉ። ስለዚህ እኛ እዚህ ገጽ ላይ ፈትዋ አንሰጥም፤ የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ።

ልብ በሉ ግን። የፈቀዱት ሁሉ ፈቃዳቸውን ከጥቅምና ከጉዳት ጋር አያይዘውታል። «የማይጎዳት ከሆነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይሟላም። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ እጁን ይታጠባል። ድመቷ ተጎዳች ወይስ አልተጎዳችም የሚለው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት 10 እና 14 ቀናት፣ በእናንተ ቤት፣ በእናንተ እጅ ነው። ፈትዋውን ይዛችሁ ክብካቤውን ከተዋችሁ ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በገጠሩ ጎጃም ማኮላሸት የታወቀ ነገር ነው። ኮርማው ይኮላሻል፣ በጉ ሙክት ይሆናል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የተኮላሹ ሁለት በጎችን ለኡድሒያ እንዳረዱ ኢብን ማጃህ ዘግበዋል። የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያ በርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ሲሠራ ቆዳ እንኳ አይቆረጥም፤ ከላይ ሆኖ የውስጡን ሥር ብቻ ይጨፈልቃል። እንስሳው በዚያው ዕለት ወደ መንጋው ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው የድመቷንም ነገር እንደዚያ ያስበዋል፤ «ተሠራች፣ አለቀ» ይላል። የሴት ድመት ግን ሌላ ነው። ሆዷ ይከፈታል፣ እንቁላል አመንጪዎቿና ብዙ ጊዜም ማሕፀኗ ይወጣሉ፣ ከዚያ በየንብርብሩ ይሰፋል። በቀዶ ጥገና ከወለደች እናት ጋር ብታነጻጽሯት ይቀርባል። አራስን በማግስቱ እንጨት ልቀሚ የሚል ማን ነው?

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ድመቷ ከቀዶ ጥገና ስትመለስ በሩን ትዘጋላችሁ፤ ደግሞም መዝጋት አለባችሁ። ከወጣች አጥር ትዘላለች፣ ጎተራ ላይ ትወጣለች፣ ውሻ ያባርራታል፣ ስፌቱ ይበጠሳል። የሴትዮዋ ሁለተኛ መንገድ፣ መልቀቁ፣ ለእናንተ የለም። የቀረችላችሁ አንዷ መንገድ ብቻ ናት፤ መቀለብ። መቀለብ ሲባልም ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት። እስከ ትናንት ድመቷ ለራሷ የምታደርገውን ሁሉ ዛሬ ከእጇ ወስዳችኋል። ምግቧን ታድን ነበር፣ ሙቀት ትፈልግ ነበር፣ ቁስሏን ትልስ ነበር፣ ከጠላት ትሸሽ ነበር፣ ለመጸዳጃ አፈር ትቆፍር ነበር። ከወሰዳችሁባት ነገር ሁሉ በልኩ ዕዳ አለባችሁ። ሐዲሱ ያስተማረን ሕግ ይኸው ነው፤ በሩን የዘጋ፣ ከበሩ ወዲያ የቀረውን ሁሉ ሊተካ ይገባዋል።

ዕዳው በዝርዝር ይህን ይመስላል።

መንገዱን አስቡ። እንደ ገበያ ዶሮ አንጠልጥላችሁ ወይም በከረጢት አድርጋችሁ አትመልሷት። አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉላት፤ ደህና አድርጋ ሳትነቃም ከሐኪም ቤት አትውጡ። የመጀመሪያው ሌሊት ማደንዘዣው ስለማይለቃት ትንገዳገዳለች፤ ሰውነቷም ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል። የደጋና የወይናደጋ ሌሊት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከነፋስና ከምድጃ ራቅ ባለ፣ ሕፃናት በማያስቸግሯት ጸጥ ያለ ጥግ፣ መሬት ላይ አስተኟት። አልጋ ወይም መደብ ላይ አታስቀምጧት፤ ትወድቃለች።

ምግቧ በዚያ ምሽት ጥቂት ይሁን፤ ብዙ ከበላች ታስመልሳለች። የእኛን ወጥ አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርሱ ናቸው፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቅመምና ጨው የሌለው የተቀቀለ ሥጋ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይሻላታል። ወተትም ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ሆድ አይስማማም፤ ውሃ ስጧት። ለመጸዳጃዋ አቧራው ቁስሉ ላይ እንዳይጣበቅ በአፈር ወይም በአመድ ፈንታ የተቀዳደደ ወረቀት አድርጉላት።

ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቅላትና ትንሽ ማበጥ የሚጠበቅ ነው። ደም ከቀጠለ፣ መግል ከወጣ፣ መጥፎ ጠረን ካለው፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ወይም ድመቷ ቀን ሙሉ ካልበላችና ከተኛችበት ካልተነሳች ለሐኪሙ ደውሉ፤ ነገ አትበሉ። ገላዋን አትጠቧት። ቅቤም የቡና ዱቄትም ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ካልሆነ ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚወጣ የመመለሻ ቀኑን ገና ስትወጡ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ይህን አትርሱ፦ ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ አትስጧት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አዝነን በሰጠናት ነገር ልንገድላት እንችላለን ማለት ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። ማዘን ብቻውን አይበቃም፤ ማወቅም የአማናው አካል ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሸዳድ ኢብን አውስ ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ነግረውን ምሳሌ ያደረጉት የሚታረድን እንስሳ ነው፤ ቢላው እንዲሳል አዘዙ። ቢላ መሳል ዕውቀት ነው፣ ዝግጅት ነው። ለምትሞተው ይህ ከታዘዘ በሕይወት እንድትኖር ላከምናት ምን ያህል ይገባል?

ስለ ድመትና ስለ ነብያችን ሲወራ በየገጹ የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። ልብሳቸው ላይ የተኛች ድመት እንዳትነቃ እጅጌውን ቆርጠው ተነሱ ይላል። ታሪኩ ያምራል፤ ነገር ግን በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ በረሱል ስም አታጋሩት። የተረጋገጠው ሌላ ነው። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የውዱእ ውሃ ቀርቦላቸው ሳለ ድመት መጣች፤ እስክትጠጣ ዕቃውን አዘነበሉላት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ በመገረም ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚመላለሱብን አንዷ እንደሆነች ረሱል እንደተናገሩ ነገሯት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ሁለቱን ታሪኮች አነጻጽሯቸው። የመጀመሪያው ለፎቶ የሚሆን ነው። ሁለተኛው ዕቃ ማዘንበል ብቻ ነው፤ ማንም የማያጨበጭብለት ትንሽ ሥራ። እንዲያውም ከቀዶ ጥገና የተመለሰች ድመት ቁስሏን እንዳትልስ ሐኪሙ አንገቷ ላይ እንደ ጥሩምባ አፍ የሰፋ መከላከያ ያደርግላታል። ያንን አድርጋ ከጎድጓዳ ጣሳ መጠጣት ይቸግራታል። ዝርግ ሳህን ልታቀርቡላት፣ አለዚያም ጣሳውን ልታዘነብሉላት ነው። ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት በፊት በመዲና የተደረገው ያ ትንሽ ሥራ በእናንተ ማድቤት ይደገማል።

ምስጋና ግን አትጠብቁ። ድመቷ ለምን እንደቆረጣችኋት አታውቅም። ለእሷ እናንተ ሆዷን ያሳመማችሁና በር የዘጋችሁባት ሰዎች ናችሁ። ልትደበቅ፣ ልትቧጭር፣ ለቀናት ልትኮርፍ ትችላለች። የኢሕሳን ትርጉም በደንብ የሚገባን እዚህ ነው። ለወዳጅ ስናደርግ ውለታ እናስቀምጣለን፤ ሰው ፊት ስናደርግ ስም እናተርፋለን። ሌሊት ተነስቶ ለምትቧጭር ድመት ቁስሏን ማየት ግን የሚያየው አላህ ብቻ ነው። አላህን የምናየው ያህል ሆነን እንድንገዛው፣ ባናየው እንኳ እሱ እንደሚያየን እንድናውቅ የተማርነው ለሶላት ብቻ አይደለም።

አሁን የሚነሳውን ተቃውሞ እንስማ፤ ተቃውሞው እውነት አለበትና። «ሰው መታከሚያ ባጣበት ጊዜ ለድመት ቀዶ ጥገና?» የሚል አባት ወይም ጎረቤት አይጠፋም። አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። በቤታችሁ ያልታከመ ሰው ካለ፣ የእናታችሁ መድኃኒት ካለቀ፣ ቅድሚያው የእነሱ ነው፤ ይህ ክርክር የለውም። ድመቷን ማሠራት ግዴታ አይደለም። ማሠራት ከመረጣችሁ በኋላ ግን ክብካቤው ግዴታ ይሆናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀለባቸው በእጁ ያሉትን ችላ ያለ ሰው ያ ብቻ ለወንጀል እንደሚበቃው ተናግረዋል። ስለዚህ ሒሳቡን ከመጀመሪያው በትክክል ሥሩት። ዋጋው ለሐኪሙ የሚከፈለው ብር ብቻ አይደለም፤ የመመላለሻው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሳምንት ምግብ፣ የሌሊት እንቅልፍ፣ ስፌቱ ቢከፈት የሚያስፈልገው ሁለተኛ ጉዞ ሁሉ አለበት። ይህን የማትችሉ ከሆነ የቀዶ ጥገናውን ብር ስላገኛችሁ ብቻ አትጀምሩት። በዚህ መተው ውስጥም ተቅዋ አለ።

ተቃውሞው የሚረሳው አንድ ነገርም አለ። ለድመት የማይራራ እጅ ለሰው ሲደርስ በአንዴ አይለሰልስም። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ የቀዳውን ሰው አላህ የማረው፣ ሰዎች ሁሉ ጠጥተው ስላለቁ ተራው የውሻው ሆኖ አልነበረም። ፊቱ የነበረው ውሻው ስለሆነ ነው።

እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ነገሩ ስለ ድመት ብቻ እንዳልሆነ ሳይገባችሁ አልቀረም። ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ የተዘጋ በርና የተያዘ ገመድ ብዙ ነው። በከተሞቻችን ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ልጓሙ በሰው እጅ ነው፤ ሲደክመው መቆም፣ ሲጠማው ወንዝ መውረድ አይችልም። ጀርባው ቆስሎ ጭነት ከተጨመረበት የድመቷ ሴት ታሪክ መንገድ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የአንሷር ሰው የአትክልት ስፍራ ያገኙት ግመል ዓይኑ አንብቶ ነበር፤ ጆሮው ሥር ዳሰሱት፤ ባለቤቱንም አስጠርተው እያስራብከውና እያደከምከው እንደሆነ ነግሮኛል፣ አላህን አትፈራም ወይ ብለው ወቀሱት።

ከገጠር መጥታ በአንዳችን ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። «ከተማው አያምርም» ብለን እንዳትወጣ ከከለከልናት፣ ስልኳን ከያዝንባት፣ ከዘመዶቿ ካራቅናት በሩን ዘግተናል። እንግዲያው ምግቧ፣ ሕክምናዋ፣ ትምህርቷ፣ የምትጫወተው ሰው ሁሉ የእኛ ዕዳ ሆኗል። እግሯ የከዳት አያት ጓዳ ተኝታለች። በሯን የዘጋው ዕድሜ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ከእጇ ሩቅ የተቀመጠው በእኛ ነው። እሷ «አምጡልኝ» ለማለት ታፍራለች። ድመት ባትናገርም ትጮኻለች፤ አያት ግን ዝም ትላለች።

ስለዚህ በዚህ ጁሙዓ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ስታበዙ፣ በመሐል ቆም ብላችሁ ቁጠሩ። ራሱን እንዳያኖር የያዝኩት ማን ነው? ከእኔ ፈቃድ ውጭ ውሃ የማያገኝ፣ የማይወጣ፣ የማይታከም ፍጡር በእጄ አለ ወይ? ለእያንዳንዱ ሁለቱን ጥያቄዎች አንሱ፦ እየቀለብኩት ነው? ወይስ እየለቀቅኩት ነው? መልሱ ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ ዛሬውኑ ተነሱ፤ ከዐስር በፊት የሚደረስበት ሥራ ነው።

አላህ በእጃችን ያደረጋቸውን ሁሉ በኢሕሳን የምንይዝ ያድርገን። ዐውቀን ከምንበድለውም፣ ሳናውቅ አዝነን ከምንጎዳውም ይጠብቀን። በራችን ሲዘጋና ሌላ ሰው ሲይዘን፣ በሽታም ሆነ እርጅና ሲያስቀምጠን፣ ውሃውን የሚያዘነብልልን ሰው አይንሳን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።